ቤታችን መሀል ከተማ፣ ማጀታችን ባዶ

ጥያቄ፦ የተከበራችሁ የዓምዱ አዘጋጆች፣ የምንኖረው ባሕር ዳር፣ ዘንባባ ከተተከለበት ዋና መንገድ ጥቂት ገባ ብሎ፣ በአንድ ቪላ ጀርባ ባለ ሰርቪስ ቤት ተከራይተን ነው። እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ፤ ባለቤቴ ጣና ዳር ባለ ሆቴል አስተናጋጅ ነበር፤ እንግዳ ሲጠፋ ሥራውም ቀረ፤ አሁን ያገኘውን እየሠራ ይውላል። የገጠር ዘመዶቻችን ግን መሀል ከተማ መኖራችንን እያዩ ለሠርግም ለተዝካርም ብዙ ይጠብቁብናል። ልጄ ትምህርት ቤት ምሳውን የሚበላው የምሳ ዕቃውን ክዳን ከፊቱ ደግኖ እንደሆነ መምህርቱ ነገረችኝ፤ በየቀኑ ሽሮ መሆኑን ጓደኞቹ እንዳያዩበት ነው። አሁን ደግሞ አከራያችን ኪራይ ጨምረው የስድስት ወር ቅድሚያ ክፈሉ ብለውናል። ወደ ከተማው ዳር እንውጣ ወይስ እንቆይ? ችግራችንንስ ለሰው መንገር ይገባናል?
አንዲት አንባቢ፣ ከባሕር ዳር

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ ከሁሉ በፊት ይህን የቤት አያያዝ ጉድለት ያመጣው አድርገው ራስዎን እንዳይወቅሱ እንለምንዎታለን። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል፤ ከውጭ የሚገባው ዘይት፣ መድኃኒትና ነዳጅ ሲወደድ የወፍጮውም የባጃጁም ሒሳብ አብሮ ከፍ ብሏል። ደሞዝ ተጨምሯል ይባላል፤ እውነትም ከመስከረም 2018 ዓ.ም. ወዲህ የአንድ ጀማሪ የዲግሪ ምሩቅ ደሞዝ 11,500 ብር ሆኗል። ነገር ግን በአዲሱ የገቢ ግብር ስሌት 2,100 ብር ግብር፣ 805 ብር የጡረታ መዋጮ ሲቀነስ እጅ የሚገባው 8,595 ብር ነው፤ ከዚህ ላይ የመሀል ከተማ ኪራይ ሲነሣለት ለአስቤዛ የሚተርፈውን እርስዎ ከማንም በላይ ያውቁታል።

የእናንተን ዓይነት ድህነት ከሌላው የሚያከፋው የሚያየው አለመኖሩ ነው። መንገደኛ ቪላውን አይቶ ያልፋል፤ ቀበሌውም ደሞዝተኛን ችግረኛ ብሎ አይመዘግብም፤ እናንተ ደግሞ ገመናችሁን ለመሸፈን ስትሉ የማይቻለውን ትከፍላላችሁ። ለሠርግ ስጦታ የተበደሩት ገንዘብ፣ ከሱቅ በዱቤ እየተቆነጠረ የሚገዛው ዘይትና ስኳር፣ በአንድ ጊዜ በቂ ጤፍ መሸመት ባለመቻሉ ከመንገድ ዳር በፌስታል የሚገባው እንጀራ፣ ሁሉም ከወር ወር ተደምረው ሲታሰቡ ከኪራዩ ጭማሪ ላያንሱ ይችላሉ። ስለዚህ ከባለቤትዎ ጋር አንድ ምሽት ቁጭ ብላችሁ ዱቤውንም ብድሩንም ሳታስቀሩ በወረቀት ላይ አስፍሩት።

ስለ ቅድሚያው ክፍያ ዝም ብለው እንዳይቀበሉ እንመክራለን። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ከሁለት ወር ኪራይ የበለጠ ቅድመ ክፍያ መጠየቅን ይከለክላል፤ ውሉም በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብና ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ ያዝዛል። አዋጁ በክልል ከተሞች የሚሠራው ክልሉ በወሰናቸው ላይ ስለሆነ፣ አፈጻጸሙን በክፍለ ከተማዎ ጠይቀው ያረጋግጡ፤ ከዚያ በኋላ አከራይዎን በአክብሮት፣ ቢቻል ሁለታችሁም የምታከብሯቸው አንድ ሽማግሌ ባሉበት ያነጋግሯቸው። ብዙ አከራዮችም ጡረታቸው አልበቃ ብሏቸው በዚያው ኪራይ የሚኖሩ ናቸውና፣ ንግግሩ በጥል ካልተጀመረ በየወሩ ለመክፈል መስማማት የማይሆን ነገር አይደለም።

ወደ ዳር መውጣትን በኪራይ ብቻ አይመዝኑት። ለምሳሌ ከዓባይ ማዶ ወደ ዘንዘልማ አቅጣጫ ቤት ቢገኝ፣ የእርስዎን የሥራ፣ የልጅዎን የትምህርት ቤት፣ የባለቤትዎን ሥራ ፍለጋ የባጃጅ ሒሳብ በወር ደምሩት፤ በጸጥታ ምክንያት ባጃጅ የሚቆምበትንም ቀን አስቡ፤ የቀን ሥራ የሚገኘው መሀል ከተማ ከሆነ ባለቤትዎን ከዚያ ማራቅ ገቢውን ማራቅ ነው። ሦስቱ ተደምረው ከኪራዩ ልዩነት ካነሱ ግን፣ ሰው ምን ይለናል ብላችሁ አትቆዩ፤ ውጡ።

ለሰው ስለመንገር፣ ለሁሉም መንገር አይጠበቅብዎትም። ከዘመድ መካከል ምስጢር የሚይዝና ቃሉ የሚሰማ አንድ ታላቅ ይምረጡና ባለቤትዎ ሥራ ማጣቱን በግልጽ ይንገሩት፤ ለሌላው እሱ ያስረዳል፤ ለተዝካሩም በገንዘብ ፈንታ ቀድማችሁ ሄዳችሁ በጉልበት አግዙ። ከእቁብ ለጊዜው ብትወጡ አያስነውርም፤ የእድር መዋጮ ግን፣ ሌላው ቢቀር እንኳ፣ እንዳይቋረጥ።

ልጅዎን በሚመለከት፣ እናትና አባት የሚደብቁትን ልጅ አብሮ መደበቅ እንደሚማር ያስታውሱ። አባቱ ሥራ እስኪያገኝ ሽሮ እንደሚበላ በእርጋታ ንገሩት፤ ነገሩን አስተውላ ለእርስዎ የነገረችዎትን መምህርትም አመስግኗት፤ የግል ትምህርት ቤት ከሆነም ክፍያው በየወሩ እንዲከፋፈልላችሁ ለመጠየቅ ከእሷ ጋር ብትመክሩ መልካም ነው።