የመቀነቱ ጫፍ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎት ከመንዝ፣ ከመሐል ሜዳ ነው። እናቴ የጡት ካንሰር ተገኝቶባት በየ21 ቀኑ አዲስ አበባ እየተመላለስን ኬሞ ትወስዳለች። ከሕመሙ በፊት 58 ኪሎ ነበረች፤ በሦስት ወር 52 ገባች። የመቀነቷ ጫፍ ድሮ ወገቧ ላይ ያልቅ ነበር፣ አሁን እስከ ጉልበቷ ይንጠለጠላል። ምግብ ሁሉ ብረት ብረት ይለኛል ትላለች። ጎረቤት ደግሞ ወተትና ስኳር ካንሰሩን ያፋፋዋል ይለናል። በዚያ ላይ ሁዳዴ ገባ፤ ፍስክ አልቀምስም ብላለች። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ ኪሎውን መያዝሽ ጥሩ ነው። ከ58 ላይ 6 ኪሎ ማለት ከ10 በመቶ በላይ ነው። ብዙ ሰው «ካንሰር ነው፣ መክሳት ያለ ነው» ብሎ ይተወዋል። እኔ ይሄን አልቀበልም። በስድስት ወር ውስጥ ከ5 በመቶ በላይ መቀነስ ራሱን ችሎ መታከም ያለበት ችግር ነው። የከሳ ሰው ኬሞውን መሸከም ይከብደዋል፤ ቀጠሮ እስከማራዘም ሊደረስ ይችላል። ስለዚህ ሁለቱንም ኪሎ ጽፈሽ ለሐኪሙ አሳዪ። የሥነ ምግብ ባለሙያ እንዲያያቸውም ጠይቂ። እስከዚያ በየሳምንቱ ጤና ጣቢያ ይመዘኑ።

ለእናትሽ በቀን ከ1,300 እስከ 1,560 ካሎሪ ያስፈልጋቸዋል። ፕሮቲን ደግሞ በኪሎ ከ1 እስከ 1.5 ግራም፣ ማለትም ከ52 እስከ 78 ግራም። አንድ እንቁላል 6 ግራም፣ አንድ ኩባያ ወተት 8 ግራም ያህል አለው።

እኔም የገብስ አገር ልጅ ነኝና በሶን አስቀድማለሁ። በውኃ ፈንታ ፈልቶ በቀዘቀዘ ወተት በጥብጪው። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤና ትንሽ ማር ጨምሪበት። ቅቤው ብቻውን ከ100 ካሎሪ በላይ ይሰጣል። በትልቅ ብርጭቆ አትስጫቸው፤ ሲያዩት ይሰለቻሉ። በስኒ፣ በየሁለት ሰዓቱ። ብረት ብረት ለሚለው የእንጨት ማንኪያ ይጠቀሙ። ቁሌት ከሚያቁላሉበት ይራቁ። አፋቸው ከቆሰለ በርበሬው ይቅር፣ አልጫ ይሁን።

አንድ ነገር ልለምንሽ። «በሞቴ፣ አፈር ስሆን» እያልሽ አታጉርሻቸው። እኔ አክስቴን እንዲህ አስጨንቄያታለሁ። ኋላ ላይ የእግሬን ኮቴ ስትሰማ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞር ነበር። ዛሬም ይቆጨኛል። አጠገባቸው አስቀምጪላቸውና ሌላ ወሬ አውሪ። ከኬሞው በኋላ ያሉት ጥቂት ቀናት ይከብዳሉ። የምግብ ፍላጎታቸው ሲመለስ ግን ያኔ አጠንክሪ።

የጎረቤቱ ወሬ አያስፈራሽ። ወተት መከልከል ካንሰሩን አያስርበውም፤ የሚራበው የእናትሽ ጡንቻ ነው። ስኳሩም እንደዚሁ፣ የስኳር በሽታ ከሌለባቸው በስተቀር በበሶ ውስጥ ያለች ማር አትጎዳቸውም።

ስለ ጾሙ፣ አንቺ አትከራከሪያቸው። የንስሐ አባታቸውን ቤት ጥሪያቸው። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን አታስገድድም፣ ከእሳቸው አፍ ሲሰሙት ግን ልባቸው ያርፋል። ያም ሆኖ እምቢ ካሉ ቢያንስ እስከ ዘጠኝ ሰዓት አይቆዩ። ሽሮው ዘይት ይብዛበት፤ በሶው በለውዝ ወተት ይበጥበጥ፤ የሱፍ ፍትፍትም ጥሩ ነው።

ኬሞ የሰውነትን መከላከያ ያዳክማል። ስለዚህ ጥሬ ሥጋ፣ ያልፈላ ወተትና ካልፈላ ወተት የተሠራ እርጎ አይንኩ። ፌጦም ሆነ ሌላ የባህል መድኃኒት የሚወስዱ ከሆነ ለሐኪሙ ሳትደብቂ ንገሪ። ትኩሳታቸው 38 ዲግሪ ከደረሰ ሌሊትም ቢሆን ወደ ሆስፒታል ውሰጃቸው።

በጣርማበር በኩል ወደ አዲስ አበባ ስትወርዱ መንገዱ ረጅም ነው። ቅቤ የገባበት የበሶ ጭብጦና የተቀቀለ እንቁላል በአገልግል ያዢላቸው። የወር ኪሎአቸውን ደግሞ ጻፊልኝ።