የካቶሊክ ትምህርት ቤት እያስተማርኩት እምነቱ ለምን ቀዘቀዘ?

ጥያቄ፦ አባ፣ እንደምን ሰነበቱ? የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነ ልጅ አለኝ። ከመዋዕለ ሕፃናት ጀምሮ የካቶሊክ ትምህርት ቤት ነው የሚማረው። ክፍያው ቢከብደኝም ለእምነቱ ስል ቻልኩት። በቅርቡ «ዓለም በስድስት ቀን ተፈጠረ የሚለው ባዮሎጂ ላይ ከምንማረው ጋር አይሄድም» አለኝ። ደንግጬ «እንዲህ ያለ ነገር አይጠየቅም!» አልኩት። ከዚያ ወዲህ እሑድ ለቅዳሴ ስቀሰቅሰው ያኮርፋል። አባቱ ቤተ ክርስቲያን ብዙም አይሄድም፣ በዚህ ነገር አያግዘኝም። ይህን ማስተማር የትምህርት ቤቱ ሥራ አልነበረም? ሌላ ቦታ ልቀይረው ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ትምህርት ቤት አትቀይሪ። ይህን አስቀድሜ ልንገርሽና ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

«ሲስተሮቹ ጋ አስገብቼዋለሁ፣ እነሱ ያውቁበታል» የሚል ወላጅ ስንቱን አይቻለሁ መሰለሽ! ልጁን ልክ ልብስ ለላውንደሪ እንደሚሰጥ ሰው ያስረክባል፣ ታጥቦና ተተኩሶ እስኪመለስለት ይጠብቃል። ሰኔ ላይ ከካርዱ ጋር እምነቱም አብሮ የሚመጣ ይመስለዋል። ሳይመጣ ሲቀር ደግሞ ጥፋተኛው ትምህርት ቤቱ ነው።

እስቲ በግልጽ እንነጋገር። በአገራችን ትምህርት ቤት የቤተ ክርስቲያንም ቢሆን በመደበኛው ክፍለ ጊዜ ሃይማኖት አይሰጥም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 90 ላይ ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ ሆኖ እንዲካሄድ ይደነግጋል። ደግሞም ከልጅሽ ጎን የሚቀመጠው ኦርቶዶክስ፣ ከኋላው ያለችው ሙስሊም ልትሆን ትችላለች፤ ወላጆቻቸውም አምነው ነው የላኳቸው። ትምህርት ቤቱ ሥርዓት ያስይዛል፣ ኩረጃን ይከለክላል፣ ለደካማው ተማሪ ጊዜ ይሰጣል። ይህ ቀላል ነገር አይደለም፣ ወንጌልም አለበት። ትምህርተ ክርስቶስ ግን ሌላ ነው፤ ቦታው ቁምስና (የአጥቢያችሁ ቤተ ክርስቲያን) እና ቤት ነው።

ሕጉ ቢፈቅድ እንኳ ነገሩ ያው ነው። የዓለም ካቶሊክ ጳጳሳት የተሰበሰቡበት ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1965 ስለ ክርስቲያናዊ ትምህርት ባወጣው ሰነድ የልጆች የመጀመሪያና ዋና አስተማሪዎች ወላጆቻቸው ናቸው ብሏል። እዚህ ላይ ትንሽ ጠንከር ልበልብሽ፣ አትቀየሚኝ። የትምህርት ቤት ክፍያ ስለከፈልሽ ይህ ኃላፊነት ከትከሻሽ አይወርድም።

አሁን «እኔ ምን አውቄ ነው የማስተምረው?» እንደምትይ አውቃለሁ። ሁሉም ይላል። ጢሞቴዎስን አስቢው። ቅዱስ ጳውሎስ በላከለት ሁለተኛ መልእክት የጢሞቴዎስን እምነት ሲያስታውስ፣ ቀድሞ በአያትህ በሎይድ በእናትህም በኤውንቄ ነበረ ይለዋል። የኤፌሶንን ትልቅ መምህር አልጠራም፣ ሁለት ሴቶች ናቸው የጠራው። ስለ አባቱ ደግሞ የሐዋርያት ሥራ የሚነግረን የግሪክ ሰው እንደነበረ ብቻ ነው። ስለዚህ «ባሌ አያግዘኝም» የሚለው ያማል እንጂ በሩን አይዘጋም። ባልሽንም በልጁ ፊት አትውቀሺው። ያ ከሁሉ የከፋ ትምህርት ነው።

ደግሞ ማስተማር ማለት ጥቁር ሰሌዳ ፊት መቆም አይደለም። ዘዳግም ምዕራፍ 6 ላይ «በቤትህም ስትቀመጥ፥ በመንገድም ስትሄድ፥ ስትተኛም፥ ስትነሣም» ነው የሚለው። ከቅዳሴ ስትመለሱ ታክሲ ውስጥ ስለ ምንድን ነው የምታወሩት? ብዙ ቤተሰብ ስለ ምሳ ነው። ወይ ስለ ሰው ልብስ። የዕለቱን ወንጌል አንስተሽ «ያ የመጨረሻው ሰውዬ ግን አላሳዘነህም?» ብትይው ምን ይጎድልብሻል?

ወደ ልጁ ጥያቄ ልምጣ፣ እውነቱን ለመናገር ደስ ያለኝ እሱ ነው። ልጅሽ እምነቱ ስለጠፋ አልጠየቀም። ጭራሽ የማያምን ልጅ ዘፍጥረት ከባዮሎጂ ጋር ቢጋጭም ባይጋጭም ግድ አይሰጠውም፣ ስልኩን እየነካካ ያልፋል። እሱ ግን ሁለቱንም ከልቡ ይዞ አልገጥም ስላለው ወደ እናቱ መጣ። አንቺ «አይጠየቅም» ስትይው የሰማው ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? «መልስ የለንም» ነው የሰማው። ቤተ ክርስቲያን ግን መልስ አላት።

ዛሬ ማታ ዘፍጥረት ምዕራፍ 1ን ከእሱ ጋር ክፈቺና እያንዳንዱ ቀን ላይ ምን እንደተፈጠረ ቁጠሩ። በመጀመሪያው ቀን ብርሃን አለ፤ ማታም ሆነ፣ ጥዋትም ሆነ። ፀሐይ መቼ ነው የመጣችው? በአራተኛው ቀን። የጻፈው ሰው ፀሐይ ሳትኖር ጥዋትና ማታ እንዴት ይሆናል ብሎ ማሰብ አቅቶት ይመስልሻል? ሰዓት እየቆጠረ አልነበረም። ጎረቤቶቹ ለፀሐይና ለጨረቃ ሲሰግዱ፣ እሱ «እነዚህም የተፈጠሩ ናቸው፣ ፈጣሪ አንድ ነው፣ የሠራውም መልካም ነው» እያለ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን የትምህርተ ክርስቶስ መጽሐፍ (እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው፣ ቁጥር 337) መጽሐፍ ቅዱስ የፈጣሪን ሥራ በስድስት ቀናት ተርታ በምሳሌያዊ መንገድ ያቀርበዋል ይላል። ይህ ሳይንስ ሲያፋጥጠን የፈጠርነው ማምለጫ አይደለም፤ ቅዱስ አውግስጢኖስ ከ1,600 ዓመት በፊት ስለ እነዚህ ቀናት ሲጨነቅ ሲያወጣና ሲያወርድ ነበር።

አንድ ነገር ደግሞ ጨምሪለት። ባዮሎጂ መጽሐፉ ላይ ስለ ዘር ውርስ ሲማር አተር እያዳቀለ ያጠና ሜንዴል የሚባል ሰው ያገኛል። መነኩሴ ነው፣ የእኛው! ዩኒቨርስ እየሰፋ ነው ብሎ እ.ኤ.አ. በ1927 የጻፈው ቤልጅማዊው ለሜትርም ቄስ ነበር፣ ቅዳሴ ቀድሶ ወደ ስሌቱ የሚመለስ። ከራሳችንም ብፁዕ አባ ገብረ ሚካኤል አለልሽ። የጎጃም መነኩሴ ነበር፣ እውነትን ፍለጋ መጻሕፍት ሲመረምር፣ ሲጠይቅ የኖረ፤ እ.ኤ.አ. በ1855 በሰማዕትነት አረፈ። እንዲህ ያለውን ሰው ብፁዕ ብላ የምትጠራ ቤተ ክርስቲያን የ9ኛ ክፍል ልጅ ጥያቄ ያስደነግጣታል?

የማታውቂውን ሲጠይቅሽ «አላውቅም፣ አብረን እንጠይቅ» በይው። ኢትዮጵያዊው ጃንደረባ ሠረገላው ላይ ኢሳይያስን ሲያነብ ፊልጶስ ይገባሃል ወይ ሲለው «የሚመራኝ ሳይኖር ይህ እንዴት ይቻለኛል?» ነበር መልሱ። የንግሥት ባለሥልጣን ነው እንግዲህ፣ አላፈረም።

የእሑዱን ነገር በተመለከተ፣ ቅዳሴውን አትተዪለት፤ ጩኸቱን ግን ተዪው። ጠዋት በር እየደበደቡ መቀስቀስ ሳይሆን ቅዳሜ ማታ «ያን ቀን በደንብ አልመለስኩልህም፣ ጥያቄህ ጥሩ ነበር» ብለሽ ጀምሪ። ልጆች ወላጅ ሲል የማይሰሙት ይህን ቃል ነው። ከዚያ ጥያቄውን ወረቀት ላይ ይጻፈው። ቁምስናችሁ ላለው ካህን ወይም ካቴኪስት (የሃይማኖት አስተማሪ) ራሱ ይስጥ፣ አንቺ አትናገሪለት። ከካህኑ ጋር ሲነጋገርም ውጭ ጠብቂው።