የጋለ ጎማ አታስተንፍስ

አንድ ወጣት ሾፌር እንዲህ ሲል ጽፎልኛል፦ «ጋሼ፣ በኮሮላ ከአዲስ አበባ ወደ ሰመራ እየሄድኩ ነበር። ጠዋት ከመነሳቴ በፊት አራቱንም ጎማ 32 አስሞላሁ። አዋሽ ስደርስ ብለካው 36 ሆኗል። እንዳይፈነዳብኝ ፈርቼ ወደ 32 አስተነፈስኩት። እዚያው አደርኩ። በማግስቱ ማለዳ አራቱም 27 ሆነው ጠበቁኝ። ጎሚስታ ውሃ ውስጥ ነክሮ አየው፣ ቀዳዳ የለም። ንፋሱ የት ሄደ? ደግሞስ ሲግል ካላስተነፈስኩት አይፈነዳም?»

ወንድሜ፣ ንፋሱ በሌሊት የትም አልሄደም። ያወጣኸው አንተው ነህ፣ ቀን ላይ። ማለዳ ያየኸው 27 ውጤቱ ነው።

ጎማ ውስጥ ያለው ንፋስ ዝም ብሎ የተቀመጠ ነገር አይደለም። በዓይን የማይታዩ፣ ቁጥር ስፍር የሌላቸው ቅንጣቶች ናቸው። በሰከንድ ከ450 ሜትር በላይ እየበረሩ እርስ በርስም ከጎማው ግድግዳም ጋር ይጋጫሉ። መለኪያው ላይ የምታነበው ቁጥር የሚመጣው ከዚህ ግጭት ነው። ንፋስ ሞቀ ስንል ቅንጣቶቹ ፈጠኑ ማለታችን ነው። ቀዘቀዘ ስንልም ዘገዩ።

ጠዋት አዲስ አበባ ላይ ጎማህ 15 ዲግሪ ነበር እንበል። አዋሽ ስትደርስ ከአስፋልቱ፣ ከፀሐዩና ከፍጥነቱ የተነሳ 55 ደረሰ። በዚህ ጊዜ የቅንጣቶቹ ፍጥነት የጨመረው 7 በመቶ አካባቢ ብቻ ነው። ግን ሲፈጥኑ ግድግዳውን ቶሎ ቶሎ ይመቱታል፣ እያንዳንዱ ምትም ይበረታል። ሁለቱ ሲደመር ግፊቱ 14 በመቶ ገደማ ይጨምራል።

ሂሳቡን ራስህ ልትሠራው ትችላለህ። ዲግሪው ላይ 273 ደምር። ቅንጣቶቹ ከዚያ በታች ሊዘገዩ የማይችሉበት ነጥብ ከዜሮ በታች 273 ዲግሪ ስለሆነ ቆጠራው ከዚያ ይነሳል። 15 የነበረው 288፣ 55 የነበረው 328 ይሆናል። ሌላው ሾፌር የሚረሳው ነገር ደግሞ ይኼ ነው፦ መለኪያው የሚያሳየው ከውጭው አየር ግፊት በላይ ያለውን ብቻ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች የውጭው ግፊት ወደ 11 ፒኤስአይ (የጎማህ 32ም የተለካበት መለኪያ) ነው። አዋሽ ቆላ ስለሆነ ወደ 13 ይደርሳል። ስለዚህ ጠዋት ጎማህ ውስጥ የነበረው 32 ሳይሆን 43 ነው። 43 በ328 ሲባዛ፣ ለ288 ሲካፈል 49 ይመጣል። 13 ቀንስለት፣ 36። መለኪያህ ልክ ነበር፣ ጎማህም ደህና ነበር።

ከዚያ አስተነፈስከው። ሌሊቱን ጎማው ወደ 22 ዲግሪ ሲወርድ የቀረው ንፋስ ወደ 27 ወረደ። ባትነካው ኖሮ ማለዳ 31 ታገኘው ነበር።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ነገር ልምጣ። ሽቦ ለመስበር ወዲያና ወዲህ ስታጥፈው መታጠፊያው እጅ እስኪያቃጥል ይግላል አይደል? ንፋሱ ያነሰ ጎማም እንደዚያ ነው። በየዙሩ ጎኑ ይጨፈለቃል፣ ይለቀቃል፣ እንደገና ይጨፈለቃል። ንፋሱ ሳይሆን የጎማው ላስቲክ ራሱ የተሠራባቸው ቅንጣቶች እየተፋተጉ እንቅስቃሴያቸው ይጨምራል፣ ጎማው ይግላል። ያን ማለዳ በ27 ተነስተህ ሰመራ ድረስ በፍጥነት ብትነዳ ጎኑ ከውስጥ እየተቃጠለ ይሄድ ነበር። በዚያ መንገድ ላይ ለመፈንዳት ይበልጥ የሚቀርበው ይኼኛው ጎማ ነው። ጎማ ሠሪዎች ሲግል ግፊቱ እንደሚጨምር አስበው ነው የሚሠሩት። በሾፌሩ በር በኩል የተለጠፈው ቁጥርም ለቀዝቃዛ ጎማ የተጻፈ ነው።

ቀዝቃዛ ስልህ ቢያንስ ሦስት ሰዓት የቆመ ማለቴ ነው። ማለዳ ከመነሳትህ በፊት ብትለካ ይሻላል። መኪናው ፀሐይ ላይ ቆሞ ከሆነ በፀሐይ በኩል ያሉት ጎማዎች ከፍ ብለው ይነበባሉ፣ አያስደንግጥህ። በምንም ምክንያት የጋለ ጎማ ላይ ቀዝቃዛ ውሃ አታፍስስ።

ቀዳዳ መኖሩን የምትጠረጥረው አንዱ ጎማ ብቻውን ሲወርድ ነው። አራቱም እኩል ከወረዱ በመጀመሪያ አየሩንና የራስህን እጅ ጠርጥር። አንዱ ብቻ ከሆነ ግን ቫልቩ ላይና ቸርኬው ጫፍ ላይ የሳሙና ውሃ ቀባ። አረፋ ከሠራ አገኘኸው።

ናይትሮጅን ካስሞላህ ከዚህ ሁሉ ትድናለህ የሚሉህ አሉ። ተራው አየር ራሱ 78 በመቶ ናይትሮጅን ነው። ሲሞቅም በዚሁ ሂሳብ ይሄዳል። ለውጥ የሚያመጣው እርጥበት ነው። እኔ ማለዳ ማለዳ ከኮምፕሬሰሩ ሥር የተጠራቀመውን ውሃ ሳላስወጣ የማንንም ጎማ አልሞላም። አንተም የምታስሞላበት ቦታ ይህን ያደርጉ እንደሆነ ጠይቅ።

መንገድ ላይ ጎማው ግሎ ሳለ ንፋስ መጨመር ግድ ከሆነብህ፣ በሩ ላይ ከተጻፈው 4 ያህል አስበልጠህ ሙላው። በማግስቱ ማለዳ፣ መኪናው ሳይንቀሳቀስ፣ ለክተህ አስተካክለው።