ጥያቄና መልስ፦ ጣሊያን ላይ የኪራይ መኪና የት ይቆማል?

ጥያቄ፦ ጋሼ ሰላም ነው? እኔና ባለቤቴ የምንኖረው ባህር ዳር ነው፣ እህቴ ቬሮና አለች። መስከረም ላይ ልንጠይቃት እንሄዳለንና በዛው መኪና በሷ ስም ተከራይተን ፍሎረንስንም ቬኒስንም ሮምንም ልናይ አስበናል፣ እሷ ግን "ማቆሚያው ያስለቅሳችኋል" እያለች ታስፈራራናለች። እውነቷን ነው?

መልስ፦ ግማሹን ነው የነገረችሽ እህትሽ። የሚያስለቅሰው ማቆሙ ሳይሆን መግባቱ ነው። የብዙዎቹ ከተሞች አሮጌው መሀል ዜድ ቲ ኤል የሚባል ክልል ነው፣ ፈቃድ የሌለው መኪና አይገባበትም፣ ደግሞ የሚያስቆምሽ ፖሊስም ገመድም የለም፣ ካሜራው ታርጋሽን ያነሳና ዝም ነው።

እኔ ፍሎረንስ ላይ ሆቴል ስፈልግ ቦርዱ "ቫርኮ አቲቮ" ይላል፣ አቲቮ ሲለኝ ክፍት ነው ማለት መስሎኝ ደስ ብሎኝ ገባሁ፣ ለካ ካሜራው እየሰራ ነው አትግባ ማለቱ ነው! መንገድ ጠፍቶኝ ዞሬ ድጋሚ ገባሁበት። መኪና፣ ታርጋ፣ ፍሪሲዮን፣ ካንዴላ የሚሉትን ቃላት ሁሉ ከነሱ ወስደናል፣ ቫርኮን ግን ማን ያስተምረን። ከወራት በኋላ እዚህ ጣና ዳር ቡናዬን እየጠጣሁ ወንድሜ ደወለ፣ መኪናው በሱ ስም ነበርና ሁለት ቅጣት መጥቶበታል፣ አከራዮቹ ደግሞ ስሙን ለማዘጋጃ ቤቱ ላስተላለፉበት ብቻ በየቅጣቱ ከካርዱ ቆርጠዋል። እስካሁን "ቫርኮ" ብሎ ነው የሚጠራኝ። ሆቴላችሁ ክልሉ ውስጥ ከሆነ ሳትገቡ ደውላችሁ ታርጋውን ያስመዘግቡላችሁ እንደሆነ ጠይቁ።

ማቆሙ መስመር ማየት ነው። ሰማያዊ በክፍያ፣ ነጭ በነጻ፣ ቢጫ ለናንተ አይደለም። እኛ ጋ ሰደርያ የለበሰ ልጅ መጥቶ ወረቀቱን መጥረጊያው ስር ይሰካልሻል፣ እዛ ማሽኑን ራስሽ ፈልገሽ ሳንቲም ከተሽ ወረቀቱን በመስታወቱ እንዲታይ ዳሽቦርዱ ላይ ታስቀምጫለሽ። ምልክቱ ላይ የተጣመሩ ሁለት መዶሻዎች ካየሽ የስራ ቀን ማለት ነው፣ መስቀል ከሆነ እሁድና በዓል። ነጭም ሆኖ "ዲስኮ ኦራሪዮ" የሚል ካለ የደረሳችሁበትን ሰዓት በካርቶን ሰዓት አሳይታችሁ ነው የምትሄዱት።

ፍሎረንስ ስትሄዱ ቪላ ኮስታንሳ የሚባል ማቆሚያ አለ፣ ከኤ 1 አውራ ጎዳና ሳትወጡ መኪናውን አቁማችሁ በትራም መሀል ከተማ ትገባላችሁ፣ እኔ ያኔ ባውቀው ኖሮ! ቬኒስን እንደ ጣናዋ ደሴት ደብረ ማርያም አስቢያት፣ መኪና ዳር ይቀራል፣ ፒያሳሌ ሮማ እስከሚባለው መግቢያው ላይ ያለ አደባባይ ድረስ ይገባል ግን ማቆሚያው ውድ ነው፣ ከውሃው ወዲህ የብስ ላይ ያለችው ሜስትሬ ትታችሁት በባቡር 10 ደቂቃ አካባቢ ነው። ሮምን በመኪና እርሱት፣ ከቬሮና ፈጣን ባቡር አለ።

እንደኔ መኪናውን ለገጠሩና ለጋርዳ ሐይቅ ብቻ ተከራዩት፣ እዛው ቬሮና አጠገብ ነው፣ የጣሊያን ትልቁ ሐይቅ ይሉታል፣ 370 ስኩዌር ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ጣና ዳር ላደገ ሰው ትንሽ ያስቃል ግን ያምራል።

የምትነዱት እናንተ ከሆናችሁ ኢንተርናሽናል መንጃ ፈቃዱን ከዚህ ሳትወጡ ጨርሱ፣ ስማችሁም በተጨማሪ ሹፌርነት ውሉ ላይ ይግባ። ክሬዲት ካርዱ የእህትሽ ነውና ቫርኮውን አደራ።