እናቴን የሚያክሉ ረዳቴን እንዴት ልዘዝ?

ጥያቄ፦ አራት ኪሎ አካባቢ ባለ መዋዕለ ሕፃናት የ4 ዓመት ልጆች አስተምራለሁ። 28 ልጆች አሉኝ። ረዳቴ እናቴን የሚያክሉ ሴት ናቸው፤ እዚህ ቤት ከእኔ በፊት ብዙ ሠርተዋል። ልጅ ሲያስቸግር «አያ ጅቦን እጠራልሃለሁ» ይላሉ። እኔ ፊደል በድምፅ ሳስተምር እሳቸው ከኋላ «ሀ ሁ ሂ» ያስዜማሉ። ልናገር ስል ይከብደኛል። ዝም ስል ክፍሉ ከእጄ የወጣ ይመስለኛል። ስሜ ይቆይ።

መልስ፦ እህቴ፣ እኚህ ሴት ከኋላ ሆነውም ያስዜማሉ። ማስተማር ይወዳሉ ማለት ነው። የጎደለው የትኛው ሥራ የእሳቸው እንደሆነ የነገራቸው ሰው ነው። ብዙ ረዳት ክፍል የሚገባው «አግዢያት» ብቻ ተብሎ ነው። ከዚያ አፍንጫ መጥረግና ምሳ ዕቃ መክፈት ላይ ይቀራል።

ስለዚህ ከማረምሽ በፊት ድርሻ ስጪያቸው። ሰኞ ጠዋት ልጆቹ ሳይገቡ ሻይ ይዛችሁ 10 ደቂቃ ተቀመጡ። የሳምንቱን እቅድ አሳዪያቸው። «እትዬ፣ ረቡዕ 'በ'ን ስንይዝ እርስዎ ከእነዚህ 6 ልጆች ጋር ምንጣፉ ላይ ይሁኑልኝ። በግ፣ በር፣ በሶ እያሉ መጀመሪያ የሚሰማውን ድምፅ ያስወጧቸው» በያቸው። ሥራው እንዲህ ከታወቀ ማዘዝ የሚባለው ነገር ራሱ ይቀንሳል። ልጆቹ አንቺን «ሚስ» እያሉ እሳቸውን በባዶ ስማቸው የሚጠሩ ከሆነ ግን ዛሬውኑ አስተካክዪ።

ዜማውን አትንጠቂያቸው። ከቄስ ትምህርት ቤት የወረስነው ሀብት ነው። ከግዕዝ እስከ ሳብዕ ሰባቱን በዜማ የያዘ ልጅ የድምፁ ቅደም ተከተል በጆሮው ይቀራል። ዜማ ብቻውን ግን ማንበብ አይሆንም። ሀ ሁን እስከ ፐ የሚያወርድ ልጅ «ሙ»ን ለብቻዋ ስታሳዪው ይጠፋበታል፤ ከ«መ» ጀምሮ ካልዘመረ አይደርስባትም። እና ዜማው የጠዋት መግቢያ ይሁን፣ እሳቸው ይምሩት፣ አንቺም አብረሽ ዘምሪ። የድምፅ ትምህርቱ ሲጀመር ዜማው ይቁም። በአንድ ጊዜ ሁለት መንገድ ለ4 ዓመት ልጅ ከባድ ነው።

አያ ጅቦ ላይ አልደራደርም። መቅረት አለበት። የፈራ ልጅ ዝም ይላል እንጂ አይማርም፤ አንዳንዱም ሽንት ቤት ብቻውን መሄድ ይተዋል። ሆኖም በልጆች ፊት አንዲት ቃል አትናገሪያቸው። ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ልጆቹ ላይ ያየሽውን ንገሪያቸው፤ የሚተካውንም አብረሽ ስጪ፦ «እጅህን ስጠኝ፣ እዚህ አጠገቤ ቁጭ በል»። ሌላም ተስማሙ። ከልጅ ጋር ነገር የጀመረው ሰው ይጨርስ፣ ሌላው ክፍሉን ይያዝ። እሳቸው «አይሆንም» ያሉትን ልጅ አንቺ ጋ ሲመጣ «እሺ» አትበዪው።

ሰፈራቸው ፈርሶ ወደ ከተማው ዳር የተዛወሩ ልጆች ካሉሽ በታክሲ ዘግይተው፣ እያንቀላፉ ይደርሳሉ። በር ላይ እሳቸው ይቀበሏቸው። እናቶቹ ያውቋቸዋል፤ ማን ቁርስ እንዳልበላ፣ ማን ሲያተኩሰው እንዳደረ ይነግሯቸዋል። ያንን በዕረፍት ሰዓት ጠይቂያቸው። ፒያሳ ሳስተምር አንድ ልጅ ሰሌዳው በደንብ እንደማይታየው መጀመሪያ ያወቁት ረዳቴ ነበሩ። ኩባያውን ለማንሳት እጁን ሲዘረጋ እንደሚስተው አይተው ነው። እኔ ፊት ለፊት ቆሜ ያንን ማየት አልችልም ነበር። ሁለተኛ ዓይን ክፍል ውስጥ ምን ያህል እንደሚጠቅም የገባኝ ያኔ ነው።

ርዕሰ መምህሯንም አነጋግሪ። ጠዋት በትምህርቱ ሰዓት ረዳትሽ ለፎቶ ኮፒም ሆነ ለእንግዳ ቡና እንዳይጠሩ ጠይቂ። 28 ሕፃን ለአንድ ሰው አይያዝም። በቃል ካልሆነ በጽሑፍ አድርጊው፤ ስትገቢም እሳቸውን ይዘሽ ግቢ።