ከ125 ወደ 144 ያደገ ሞተር ምን ዓይነት ቤንዚን ይፈልጋል?

ጥያቄ፦ ለጭቃና ለዳገት የምጠቀምበት ባለሁለት ምት 125 ሲሲ ሞተር ሳይክል አለኝ። ሲሊንደሩን አስፍቼ 144 ሲሲ የሚያደርገውን ፒስተን ለማስገጠም አስቤያለሁ። አብረውኝ የሚነዱ ጓደኞቼ ግን ከዚያ በኋላ በተለመደው ቤንዚን መንዳት እንደማይቻልና የአውሮፕላን ቤንዚን መቀላቀል ግዴታ እንደሚሆን ነግረውኛል። ይህ እውነት ነው? የዘይቱንስ መጠን መጨመር ይኖርብኛል?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የቤንዚኑን ዓይነት የሚወስነው ሲሲው ሳይሆን ቴስታታው፣ ማለትም ሲሊንደሩን ከላይ የሚዘጋው ክዳን ነው። ያማሃ ዋይ ዜድ 125ን የመሰሉ ሞተሮች የሲሊንደር ስፋታቸው 54፣ የፒስተን ምታቸው (ፒስተኑ ከታች ወደ ላይ የሚጓዘው ርቀት) ደግሞ 54.5 ሚሊሜትር ነው። ምቱን ሳይነኩ ስፋቱን ወደ 58 ሚሊሜትር ሲያሳድጉት 144 ሲሲ ያገኛሉ፤ ይኸውም ፒስተኑ የሚያምቀው የአየርና የቤንዚን ድብልቅ በ15 ከመቶ ገደማ ጨመረ ማለት ነው። ከላይ ያለው የቴስታታ ጉድጓድ እንደነበረ ከተተወ፣ ያ ሁሉ ድብልቅ የሚታመቀው በቀድሞው ጠባብ ቦታ ውስጥ ነው። ጉድጓዱ 10.4 ሲሲ የሚይዝ ቢሆን፣ በ125 ጊዜ 13 ለ 1 የነበረው እመቃ (ድብልቁ ስንት እጥፍ እንደሚጨመቅ የሚያሳየው ልክ) በ144 ጊዜ ወደ 15 ለ 1 ይጠጋል። ጓደኞችዎ ያዩት ችግር ከዚህ የመነጨ ይመስለኛል፤ መፍትሔው ግን ቴስታታውን ለአዲሱ ፒስተን በቶርኖ ማስተካከል ወይም አብሮ የተሠራለትን መግዛት እንጂ ስህተቱን በውድ ነዳጅ መሸፈን አይደለም።

ቴስታታው ካልተስተካከለ ሌላም ጉዳት አለ። ጉድጓዱ የተቀረጸው ለ54 ሚሊሜትር ፒስተን ስለሆነ፣ የአዲሱ ፒስተን ጠርዝ በዙሪያው 2 ሚሊሜትር ያህል ከቅርጹ ውጭ ይቀራል። ጠርዙ ከቴስታታው ጋር በጣም ተቀራርቦ ድብልቁን ወደ መሐል መግፋት ሲገባው ይህን ካላደረገ፣ ከካንዴላው የተነሣው እሳት ገና ሳይደርስ ጠርዝ ላይ የቀረው ድብልቅ ከሙቀትና ከግፊት ብዛት በራሱ ይፈነዳል። በጠርዙና በቴስታታው መካከል ያለውን ክፍተት ራስዎ መለካት ይችላሉ፦ ለስላሳ የመበየጃ እርሳስ ሽቦ በካንዴላው ቀዳዳ አስገብተው ጫፉን የሲሊንደሩን ግድግዳ ያስነኩ፣ ከዚያ ሞተሩን በእግር መርገጫው ቀስ አድርገው አንድ ዙር ያዙሩት፤ ሽቦው ሲወጣ የተጨፈለቀውን ጫፍ በካሊፐር ይለኩ። ፒስተን ስለሚወዛወዝ የሚለካው በፒስተን ፒኑ (ፒስተኑን ከቢየላው ጋር በሚያያይዘው ዘንግ) አቅጣጫ፣ በግራም በቀኝም ነው። በዚህ መጠን ባለ ሞተር ላይ ብዙ ባለሙያዎች የሚፈልጉት ከ1 እስከ 1.3 ሚሊሜትር የሆነ ክፍተት ነው። እመቃውን ለመቀነስ ብለው ከሲሊንደሩ ሥር ወፍራም ጓርኒሲዮን (ማሸጊያ) እንዳይጨምሩ አደራ እላለሁ፤ ይህ ክፍተቱን አስፍቶ ፍንዳታውን ሊያባብስ ይችላል፣ የመግቢያና የመውጫ በሮቹንም ከተሰላላቸው ቦታ ከፍ ያደርጋል።

ሲሊንደርዎ በኒካሲል (በኒኬልና በሲሊኮን ካርባይድ በተሠራ ጠንካራ ልባጥ) የተለበጠ ከሆነ፣ እንደ ብረት ሲሊንደር ሪቲፊካ አድርጎ (ውስጡን ሞርዶ) ብቻ መግጠም አይቻልም፤ ከሰፋ በኋላ እንደገና መለበጥ አለበት። በጭስ መውጫው በር ላይ ያለው ተንቀሳቃሽ ቫልቭም ሙሉ በሙሉ ሲወርድ ሰፊውን ፒስተን እንዳይነካው ይፈተሽ።

ይህ ሁሉ በትክክል ከተሠራና እመቃው ወደ ቀድሞው ልክ ከተመለሰ፣ አምራቹ ለ125ቱ ያዘዘው ቤንዚን ለ144ቱም ይበቃል፤ ለብዙዎቹ ዘመናዊ ሞተሮች ይህ 95 ኦክቴን ነው። ኦክቴን በራሱ መፈንዳትን የመቋቋም መለኪያ እንጂ የጉልበት መለኪያ ስላልሆነ፣ ሞተሩ ካልጠየቀው ከዚያ በላይ መጨመር ጥቅም የለውም። መቶ ኦክቴን ያለው የአውሮፕላን ቤንዚን ፍንዳታን በእርግጥ ይቋቋማል። ሆኖም ዛሬም በአብዛኛው መርዛማ እርሳስ አለበት፣ ክብደቱም ብዙ ጊዜ ከመኪና ቤንዚን ስለሚቀል ካርቡሬተሩ በይዘት እየለካ ሲያሳልፈው ድብልቁ ይሳሳል፣ ማለትም ቤንዚኑ ከአየሩ አንጻር ያንሳል። የካርቡሬተሩን ጄት (የቤንዚኑን መጠን የሚወስነውን ቀዳዳ) ሳይቀይሩ ቤንዚኑን ብቻ የለወጠ ሰው ፒስተኑን ሊያቀልጥ ይችላል። ኤታኖል የተቀላቀለበት ቤንዚንም እንዲሁ ድብልቁን በጥቂቱ ያሳሳል፤ በዚያ ላይ ውኃ ስለሚስብ በታንክ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ባያስቀምጡት ይመረጣል።

ከመጀመሪያዎቹ ጉዞዎች በኋላ ቴስታታውን አውርደው ጠርዙን በብርሃን ይመልከቱ። በአሸዋ እንደተመታ ያለ ሻካራና የተቦረቦረ ነገር ካዩ፣ ወይም በካንዴላው ነጭ ሸክላ ላይ ጥቃቅን የሚያብረቀርቁ የአሉሚኒየም ነጠብጣቦች ካሉ፣ በሞተሩ ውስጥ ድብልቁ በራሱ እየፈነዳ ነውና እመቃውና ጄቱ እስኪስተካከሉ አያስነሡት።

ስለ ዘይቱ፣ ሲሲው ስለጨመረ ብቻ የሚለወጥ ነገር የለም። 40 ለ 1 ይጠቀሙ ከነበረ ለ5 ሊትር ቤንዚን 125 ሚሊሊትር ዘይት ነው፤ በዚያው ይቀጥሉ። ዘይት በጨመሩ ቁጥር በጄቱ የሚያልፈው ቤንዚን ስለሚቀንስ ድብልቁ ይሳሳል፤ ስለዚህ 32 ለ 1ን ከመረጡ ጄቱን መጀመሪያ በዚያው ልክ አስተካክለው ከዚያ አይለዋውጡት።