የድሮውንም አዲሱንም ትዋጥ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። እናቴ የቆየ የደም ግፊት አለባት። በቀደም ሌሊት ትንፋሽ አጥሯት እግሯም አብጦ ድንገተኛ ክፍል ወሰድናት፣ ተሽሏት ወጣች። ስትወጣ ሊሲኖፕሪልና ላሲክስ አዘዙላት። ቤት ደግሞ ስትወስደው የኖረችው ኢናላፕሪል ገና አላለቀም፣ ለጉልበቷም ዲክሎፌናክ ትውጣለች። ይቅር ያለን የለም፣ ይቀጥል ያለንም የለም። ሁሉንም ትዋጥ? (ልጇ፣ ከአራት ኪሎ)

መልስ፦ እግዜር ይማርልሽ እህቴ። ሁሉንም አንድ ላይ አይዋጡ!

ኢናላፕሪልና ሊሲኖፕሪል ሁለቱም የግፊት መድኃኒት ናቸው፤ ስማቸው ቢለያይም ሥራቸው አንድ ነው። ሲደረቡ ግፊቱ ከልክ በላይ ይወርዳል፣ ደም ውስጥ ፖታሲየም ይጨምራል፣ ኩላሊትም ይጎዳል። እስክትጠይቂ ድረስ የድሮውን አትደርቡበት፤ አዲሱንም በራሳችሁ እንዳታቋርጡት። ዲክሎፌናኩ ግን ከዛሬ ጀምሮ ይቅር። ውሃ ሰውነት ውስጥ ይይዛል፣ ግፊት ይጨምራል፣ ከሊሲኖፕሪልና ከላሲክስ (ውሃውን በሽንት ከሚያስወጣው) ጋር ሲሆን ደግሞ ኩላሊት ላይ ሦስቱ ይተባበሩበታል። ለጉልበታቸው ፓራሲታሞል ይሻላል፣ መጠኑን ፋርማሲስቱ ይንገርሽ።

ማንም አልነገረንም ላልሽው፣ ይሄ በብዙ ቤት ያለ ችግር ነው። ሌሊት ድንገተኛ ክፍል ያለ ሐኪም ትንፋሻቸውን ለመመለስ ነው የሚሯሯጠው፤ ቤታችሁ መሳቢያ ውስጥ ያለውን ካልነገራችሁት ከየት ያውቃል? በዚያ ላይ መድኃኒቱ ከአንድ ቦታ አይገኝም። ግማሹ ከሆስፒታሉ ፋርማሲ፣ ሌላው ከከነማ ፋርማሲ፣ የቀረው ጥቁር አንበሳ ዙሪያ ካሉት የግል ፋርማሲዎች ይገዛና ሁሉንም አንድ ላይ ያየ ባለሙያ ሳይኖር ቤት ይገባል። አንዳንዱማ በመቀስ ተቆርጦ ስለሚሸጥ ስሙ እንኳ አይነበብም።

ስለዚህ ዛሬውኑ ቤት ያለውን መድኃኒት ሁሉ በፌስታል ሰብስቢ። ያለቀ ፓኬት፣ ጎረቤት የሰጠችው ክኒን፣ የሚጠጡት የባህል መድኃኒትም ቢሆን አይቅር። ሲወጡ የተሰጣችሁን ወረቀት ጨምሪና የታከሙበት ሆስፒታል ፋርማሲ ሄደሽ ክሊኒካል ፋርማሲስት ጠይቂ። እዚያ ካልተመቸሽ ሰፈርሽ ያለው ፋርማሲም ይሆናል፣ ብቻ ሰው በማይበዛበት ሰዓት ሂጂና ገንዘብ ተቀባዩን ሳይሆን ፋርማሲስቱን አናግሪ። የትኛው በየትኛው እንደተተካና የትኛው እንደሚቆም በግልጽ ይንገርሽ። እሱም እርግጠኛ ካልሆነ ያዘዘው ሐኪም መጠየቅ አለበት። የኩላሊትና የፖታሲየም ምርመራ መቼ እንደሚደረግም ጠይቂ፤ ሊሲኖፕሪል ሲጀመር ብዙ ጊዜ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ውስጥ ነው።

ሰዓቱንም በኛ አቆጣጠር ያጽፉልሽ። «8 ሰዓት» ተብሎ ሲጻፍ የፈረንጁ ጠዋት ይሁን የኛ ከሰዓት በኋላ ማንም አያውቅም። «ጠዋት 2 ሰዓት» ይባል። ላሲክስ ጠዋት ቢሆን ይመረጣል፣ አለበለዚያ ሌሊቱን ሽንት ቤት ሲመላለሱ ያድራሉ።

ደረቅ ሳል ከጀመራቸው ሽሮፕ ገዝተሽ አትስጫቸው፣ ከሊሲኖፕሪሉ ሊሆን ስለሚችል ለሐኪሙ ንገሪ። ሲነሱ ካዞራቸው ወይም ሽንታቸው ከቀነሰ በዚያው ቀን ይታዩ። ከንፈራቸው፣ ምላሳቸው ወይም ፊታቸው ካበጠ፣ ወይም የትንፋሽ ማጠሩ ከተመለሰባቸው ግን ፋርማሲ መሄድ የለም፤ 907 ደውለሽ አምቡላንስ ጥሪ፣ ከዘገየ በተገኘው መኪና ድንገተኛ ክፍል አድርሻቸው። ፌስታሉንም ይዘሽ ሂጂ።